«ፐብሊክ ፖሊሲ»ን በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ? ነገ ማስረከብ አለብኝ

ተርጓሚው | ማክሰኞ ረፋድ 4:20

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰነድ ባንድ ላይ ገባልኝ። አንዱ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚሰጥ የሥልጠና ሞጁል ነው። ሌላው በሁለት ድርጅቶች ክርክር ላይ የተሰጠ የግልግል ዳኝነት ውሳኔ ነው። ሁለቱም ላይ «ፐብሊክ ፖሊሲ» የሚል ቃል አለ። ሞጁሉ ላይ 41 ጊዜ፣ ውሳኔው ላይ 3 ጊዜ።

ሞጁሉን «የሕዝብ ፖሊሲ» እያልኩ ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጆሮዬን ቆረቆረኝና ለባለቤቴ አነበብኩላት። እሷ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። «ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ነው እንዴ?» አለችኝ። ክው አልኩ።

ውሳኔው ጋ ስደርስ ደግሞ ባሰ። «ይህ ውሳኔ ከሕዝብ ፖሊሲ ጋር አይቃረንም» ይላል። ከየትኛው ፖሊሲ? ከትምህርት? ከጤና? ከግብርና? ነገ ከሰዓት በኋላ አስረክባለሁ። የምታውቁ እርዱኝ።

የቀበናው | ማክሰኞ 4:31

«የመንግሥት ፖሊሲ» በልና ተገላገል። ፖሊሲ የሚያወጣው መንግሥት ነው። እኔ ሕዝብ ነኝ፤ እስካሁን አንድም ፖሊሲ አላወጣሁም።

ጡረተኛው | ማክሰኞ 5:05

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ በጤና ሥራ ላይ ዕድሜዬን ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ልጄ፣ ባለቤትህ አልተሳሳተችም። በ1985 ዓ.ም. ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ሲወጣ እኛ ቢሮ «ሥነ» የምትለዋን ማንም አይጠራትም ነበር። በአፋችን «የሕዝብ ፖሊሲ» ነበር የምንለው። አንዲት እናት በአማካይ 7.7 ልጅ ትወልዳለች፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 4 ይወርዳል ተብሎ ነበር የታቀደው። ስለዚህ በኔ ዕድሜ ላለ ጤና ሠራተኛ «የሕዝብ ፖሊሲ» ስትለው ዓይኑ ላይ ድቅን የሚለው ኪኒን ነው።

ቃሉ ምን ማለት ነው ላላችሁት፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። የጤና ፖሊሲውም የወጣው በዚያው በ1985 ነው። ከማከም በፊት መከላከል ይቅደም፣ አገልግሎቱም ወደ ታች ይውረድ ይላል። ቀጭን ሰነድ ናት፤ ሻይ እየጠጣህ ትጨርሳታለህ። ያቺ ሰነድ ሰው ሆና ቀበሌ የደረሰችው ግን ከ10 ዓመት በኋላ ነው። በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። 16 ፓኬጅ፣ ማለትም 16 ዓይነት የጤና ትምህርት፣ ይዘው ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር።

አንድ ቀን ለክትትል ወጥቼ ከአንድ ገበሬ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ «ሞዴል ቤተሰብ» የሚል የምስክር ወረቀት ተለጥፏል። አባወራው ደረቱን ነፍቶ ሽንት ቤቱን ሊያሳየኝ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። በሩን ሲከፍተው ውስጡ ሞፈርና ቀንበር ተደርድሯል። ጉድጓዱ ላይ ጣውላ ተጋድሟል። ዝናብ እንዳይነካው ብሎ ነው። አብራን የነበረችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንገቷን ደፋች። እኔ ሳቄ መጣ፤ ዋጥ አደረግሁት።

ልጅቷ ግን አልተወችውም። በሁለት ወሩ ስመለስ ሞፈሩ ወጥቷል፤ ወደ ጓሮ የሚወስደው መንገድም ሣሩ ተረግጦ ላጥ ብሏል። ሰውዬው ያቺን የ1985 ሰነድ በሕይወቱ አይቷት አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ልጅቷን ነው።

የሕግ ተማሪ | ማክሰኞ 6:12

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ክፍል ውስጥ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከተማርነው ይሻላል።

ወንድሜ ተርጓሚው፣ የያዝካቸው ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። እንግሊዝኛ ነው አንድ ልብስ ያለበሳቸው። ሞጁሉ ላይ ያለው ጋሼ የነገሩን ነው፦ መንግሥት ስለ አንድ የጋራ ችግር ምን ለማድረግ እንደወሰነ። ውሳኔው ላይ ያለው ግን የዳኞች ቃል ነው። አንድ ዳኛ «ይህ ውል ወይም ይህ ፍርድ እንዲህ ሆኖ ቢፈጸም የዚህ አገር ማኅበረሰብ የቆመበት መሠረት ይናጋል፤ አላስፈጽምም» የሚልበት በር ነው። የትኛውም ሚኒስቴር ያወጣውን ሰነድ አያመለክትም።

የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለማስፈጸም እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የኒውዮርክ ኮንቬንሽን አንቀጽ 5 ላይ ይህ በር አለ። ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን ያጸደቀችው በ2012 ዓ.ም.፣ በአዋጅ ቁጥር 1184 ነው። እኛ ጋ ግን ሐሳቡ ከዚያ በፊትም ነበር። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 458 የውጭ አገር ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም የሚያስፈልጉትን ነገሮች ሲዘረዝር መጨረሻ ላይ ይህንኑ አስቀምጧል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1716 ደግሞ ከሕግ ወይም ከመልካም ጠባይ ውጭ የሆነ ውል አይጸናም ይላል። ኩላሊቴን በይህን ያህል ብር እሸጥልሃለሁ ብሎ የፈረመ ሰው ነገ አልሰጥም ቢል ማንም ዳኛ አያስገድደውም። ጨረታውን ለማሸነፍ ለባለሥልጣኑ ጉቦ ልሰጥልህ ተስማምተን ነበርና ኮሚሽኔን ክፈለኝ የሚል ከሳሽም እንዲሁ በመጣበት ይመለሳል።

የኛ ሕጎች ቃሉን ያመጡት ከእንግሊዝ አይደለም። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው። ፈረንሳዮች ለፍርድ ቤቱ «ኦርድር ፑብሊክ» ይላሉ፤ ለመንግሥት ዕቅድ «ፖሊቲክ ፑብሊክ»። አይደባለቅባቸውም። ስለዚህ ውሳኔው ላይ «ከሕዝብ ሥርዓትና ሞራል ጋር አይቃረንም» ብትል ያስኬድሃል።

ለጨዋታ ያህል፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ቃሉን ይፈሩታል። በ1824 እ.ኤ.አ. አንድ ዳኛ፣ ቡሮ ይባላሉ፣ ፐብሊክ ፖሊሲ ያልተገራ ፈረስ ነው፤ አንዴ ከወጣህበት የት እንደሚያደርስህ አታውቅም ብለው ነበር። በ1971 ደግሞ ሌላው ዳኛ ሎርድ ዴኒንግ ኮርቻው ላይ ጥሩ ሰው ከተቀመጠ ፈረሱ ይገራል ብለው መለሱላቸው። 147 ዓመት ቆይቶ የመጣ መልስ። በላ ልበልሃ እንዲህ ነው።

ቨርጂኒያ ያለሁ | ማክሰኞ ምሽት 1:40

ኧረ ይህን ውይይት የዛሬ ሁለት ዓመት ብትከፍቱልኝ ምን ነበረበት!

እኔ እዚህ አሜሪካ ነው የተፋታሁት። የፍቺው ፍርድ አገር ቤት እንዲፈጸምልኝ ፈልጌ አንድ ጠበቃ በስልክ አማከርኩ። ስሙ ይቅር። «እህቴ፣ ዋናው ነገር ፍርዱ ከሕዝብ ፖሊሲ ጋር አለመጋጨቱ ነው» አለኝና ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አያነሳም።

እኔ ሞኟ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ስለ ትዳር የወጣ ፖሊሲ ፍለጋ ገባሁ። ከሥራ መልስ ልጆቹን አስተኝቼ ሦስት ሌሊት ሙሉ የየሚኒስቴሩን ድረ ገጽ ሳገላብጥ አነጋሁ። በ1985 የወጣውን የሴቶች ፖሊሲ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። የባህል ፖሊሲውንም። አትምቼ ሁሉ በቢጫ ቀለም አሰመርኩበት። በአራተኛው ቀን ጠበቃው ደወለ። የተጨነቅኩበትን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «እህቴ፣ እሱ እኮ ሌላ ነው» አለኝ። ሌላ ከሆነ ለምን በሌላ ስም አትጠሩትም?

የሕግ ተማሪ | ማክሰኞ 2:02

አይ እህቴ፣ ይቅርታ፤ ሳልፈልግ ሳቅኩ። የሴቶች ፖሊሲውን ማንበብሽ ግን ክፋት የለውም። ለሌሎችም እንዲጠቅም፣ እንዲህ ያለ ማመልከቻ የሚቀርበው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞራሉ አይደለም። «ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ ያስፈጽማል ወይ?»፣ «ተከሳሹ መጥሪያ ደርሶት የመከራከር ዕድል አግኝቷል ወይ?»፣ «ፍርዱ የመጨረሻ ነው ወይ?» የሚሉት ይቀድማሉ። ክርክሩ አዲስ አበባ ባለ ቤት ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ እሱን ጠበቃሽ ያስረዳሽ። ስልኩን ካነሳ።

ሀይፋ | ማክሰኞ 3:15

ከእስራኤል ነኝ። እኛ ጋ ይህ ጭቅጭቅ የለም። በዕብራይስጥ መንግሥት የሚያወጣው «መዲኒዩት ጺቡሪት» ነው። ፍርድ ቤት የሚጠቀምበት «ታካናት ሃጺቡር» ነው። ሁለቱም ውስጥ «ጺቡር» የሚለው ሕዝብ አለ፤ ግን የፊቱ ቃል ስለሚለያይ ማንም አያምታታውም። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የእስራኤል የውል ሕግ አንቀጽ 30 ሕገ ወጥ፣ ከሞራል ውጭ ወይም ከታካናት ሃጺቡር ጋር የሚጋጭ ውል ፈራሽ ነው ይላል። እኔ ይህን ያወቅኩት ቤት ስከራይ ነው። አከራዩ ያመጣው ውል ላይ አንድ አስቂኝ አንቀጽ ነበረች። አንድ ጎረቤቴ አንብቦ «ይቺ አታሳስብህ፤ ታካናት ሃጺቡር ይበላታል» አለኝ። እንደ ጅብ ነው የመሰለኝ።

ሌላ ደግሞ አለ። እዚህ «መዲኒዩት» እና «ፖሊቲካ» የተለያዩ ናቸው። እናቴ ግን አማርኛዋ ውስጥ ሁለቱም አንድ ናቸው። «ፖሊሲ» ካልኳት «ተው ልጄ፣ ፖለቲካ ውስጥ አትግባ» ትላለች።

ዲራ ዱባይ | ማክሰኞ 3:48

የእናትህ አማርኛ ዓረብኛ ነው ማለት ነው። በዓረብኛ «ሲያሳ» ፖለቲካም ነው፣ ፖሊሲም ነው። «ሲያሳ ዓማ» ሲሉ መንግሥት የያዘው አቅጣጫ ማለት ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ግን «ኒዛም ዓም» ነው የሚባለው፤ የጋራ ሥርዓት እንደማለት። እዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ጽሕፈት ቤት ስሠራ ሁለቱን አደባልቄ አለቃዬ ፊት ተዋርጃለሁ።

ስለ ትርጉሙ ይህን ያህል ካወራችሁ ግን እኔ ስለ አንድ ፖሊሲ ላንሳ። በጥቅምት 2006 መንግሥት ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት መሄድን አገደ። በደል በዝቶ ነበር፤ ምክንያቱ እውነት ነው። በቀጣዩ ወር ደግሞ ሳዑዲ የኛን ሰዎች በጅምላ መመለስ ጀመረች። ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። በመሀል፣ በ2008፣ አዋጅ 923 ወጣ። ያኔ መሄድ የምትፈልግ ቢያንስ 8ኛ ክፍል የጨረሰች ትሁን፣ ሥልጠና ትውሰድ ይል ነበር።

ወረቀቱ ላይ ያምራል። ታናሽ እህቴ ግን 5ኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው። እገዳው እያለ በመተማ በኩል በሱዳን ወጣች። ከቤት ስትወጣ እናቴን «ጎንደር ዘመድ ልጠይቅ ነው» ብላ ነው። ዱባይ የደረሰችው ከአምስት ወር በኋላ ነው። በመንገድ ላይ ስላየችው እስከ ዛሬ አትናገርም፤ እኔም አልጠይቃትም። ለሷ ፖሊሲው ምን ነበር? የተዘጋ በርና የተከፈተ አጥር ነበር። ጋሼ ጡረተኛው የነገሩን ልጅ ፖሊሲውን ተሸክማ ቤት ድረስ ሄደች። የኛን ፖሊሲ ይዞ ሰፈራችን የመጣው ደላላ ነው።

ጡረተኛው | ማክሰኞ 4:10

አይዞሽ ልጄ። እህትሽንም እግዚአብሔር ይጠብቃት።

የ2002 ባች | ረቡዕ ንጋት 12:50

እኔ «ፐብሊክ ፖሊሲ ምንድን ነው?» ሲሉኝ የምመልሰው አንድ ቁጥር ነው። 70/30።

ለማታውቁት፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር ተወሰነ። እኔ በ2002 ገባሁ። ኢንጂነር እንድሆን የወሰነልኝ ያ ቁጥር ነው። ዶርም ውስጥ ስድስት ነበርን። አምስታችን ኢንጂነሪንግ፣ አንዱ ታሪክ። የታሪኩን ልጅ «30» ነበር የምንለው። እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የለም። ዛሬ ከስድስታችን በተማረበት የሚሠራው እሱ ብቻ ነው፤ መምህር ነው። እኔ ሞባይል እሸጣለሁ። ሱቄ ይመስገን።

ፖሊሲው መጥፎ ነበር እያልኩ አይደለም። አገሪቱ ፋብሪካ ልትገነባ ነው፣ ባለሙያ ያስፈልጋል ተባለ። ሐሳቡ ይገባኛል። ግን ተማሪው ቶሎ መጣ፤ ፋብሪካው ዘገየ።

አርታኢ ነኝ ባይ | ረቡዕ 2:15

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁሉንም ነገር ፖሊሲ እያላችሁ ነው። 70/30 ፖሊሲው አይደለም። ያኔ ፖሊሲው በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነበር። 70/30 ያንን ለማስፈጸም የመጣ የቅበላ ምጣኔ ነው። አገር ቤት ሰው አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያና ፖሊሲን አንድ ድስት ውስጥ ይከታል።

አዋጅ ምክር ቤት ያወጣል። ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣል። መመሪያ መሥሪያ ቤት ያወጣል። ፖሊሲ ከነዚህ ጋር አይሰለፍም፤ ሕግ አይደለም። አቅጣጫ ነው። ፖሊሲ ይዘህ ፍርድ ቤት ሄደህ «ይህ አልተፈጸመልኝምና ይፈረድልኝ» ብትል አብዛኛውን ጊዜ ሰሚ የለህም። አዋጅ ሲሆን ነው ጥርስ የሚያወጣው።

ደግሞ የቀበናው ያለውን አልቀበልም። ሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ 10ን ሙሉ ለዚህ ሰጥቶታል፤ ከአንቀጽ 85 እስከ 92። አንቀጽ 89 ላይ መንግሥት የልማት ፖሊሲ ሲነድፍ ሕዝቡን ማሳተፍ አለበት ይላል። ስለዚህ ሕዝብ የለበትም አይባልም።

የቀበናው | ረቡዕ 2:40

ማሳተፍማ ተሳትፌያለሁ። ስብሰባ ተጠርቼ ውሃና ቆሎ ተሰጥቶኝ «ጥያቄ ያለው?» ተባለ። እጄን አወጣሁ። «ሰዓት ስላለቀ በጽሑፍ አቅርብ» ተባልኩ። ቆሎው ጥሩ ነበር።

«አዋጅ ሲሆን ነው ጥርስ የሚያወጣው» ያልከው ደግሞ ሁልጊዜ አይሠራም። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከእንግዲህ አይገባም የተባለው በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ነው። ሚኒስትሩ ሲናገሩ በዜና ሰማን። እኔ መኪና ሻጭ ነኝና «አዋጁ የታለ?» ብዬ ዞርኩ። በማግሥቱ ግን ሰፈራችን ያሉ ያገለገሉ መኪናዎች ዋጋ ጨመረ። ገበያው አዋጅ አልጠበቀም። አንድ ደንበኛዬ ቪትዙን ሊሸጥልኝ ቀብድ ተቀብሎ ነበር። ማታ ዜናውን ሰምቶ ጠዋት ቀብዴን በእጄ አስያዘኝና «ወንድሜ፣ ሐሳቤን ቀየርኩ» አለኝ። ጥርስ ማለት ይህ ነው።

የብርም ነገር እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመን በገበያ ይወሰን ሲባል የመጣው በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ነው። በአዋጅ አይደለም። በመመሪያ የመጣ ነገር የአገሪቱን ትልቅ ፖሊሲ ቀየረ። ታዲያ የትኛው ነው ከየትኛው በላይ?

አርታኢ ነኝ ባይ | ረቡዕ 3:05

እሺ፣ እዚህ ላይ ረታኸኝ። በግማሽ። ፖሊሲ ሐሳቡ ነው፤ አዋጅም መመሪያም መሣሪያው ነው። ሐሳቡ ትልቅ ሆኖ መሣሪያው ትንሽ ሊሆን ይችላል። ግን ቃሉን እንደፈለግን አንጠቀምበት ማለቴን አልተውም።

ልደታ | ረቡዕ 3:30

ቃሉን እንደፈለገ የሚጠቀምበትን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ባንክ።

ባለፈው ወር የሟች አባቴን ሒሳብ ጉዳይ ለመጠየቅ ሄድኩ። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይዣለሁ፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አገላበጠችና «ፖሊሲያችን አይፈቅድም» አለችኝ። ምኑን ነው የማይፈቅደው? «ፖሊሲው።» የት ላንብበው? «ውስጣዊ ነው።» ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። እሱም ፖሊሲ አለኝ። ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩ አንድ አዛውንት «ይህ ፖሊሲ የሚሉት ሰውዬ ለምን ራሱ አይወጣም?» አሉ። ባንኩ በሙሉ ሳቀ።

በሦስተኛው ምልልስ አንድ ሌላ ሠራተኛ አየኝና የጎደለው አንድ የመታወቂያ ኮፒ መሆኑን ነገረኝ። ኮፒ! እሱን ቢነግሩኝ በ2 ብር አስነሥቼ እመጣ ነበር።

የሕግ ተማሪ | ረቡዕ 3:52

ልደታ፣ የግል ባንክ ከሆነ ፐብሊክ ፖሊሲ ሳይሆን የድርጅት አሠራር ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት «መመሪያው አይፈቅድም» ካለሽ ግን መብት አለሽ። በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ ቁጥር 1183፣ አንድ መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ ይላል። ተመዝግቦ ቁጥር እንዲሰጠውና በድረ ገጽ ላይ እንዲወጣም ያዛል። መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ መመሪያ አይሠራብሽም። በትሕትና «የመመሪያውን ቁጥር ይንገሩኝ» በያቸው። አንዳንዴ መመሪያው እዚያው ይተናል።

ዲራ ዱባይ | ረቡዕ 4:20

አንድ ጥያቄ አለኝ። መንግሥት ዝም ሲልስ? አገር ቤት ጫት ሁሉም ይቅማል፣ ሁሉም ይሸጣል፣ ቀረጥ ይከፈልበታል፣ ዶላርም ያመጣል። ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ብሎ ቁርጡን የተናገረ የለም። ይህ ፖሊሲ አለመኖር ነው ወይስ ራሱ ፖሊሲ ነው?

አርታኢ ነኝ ባይ | ረቡዕ 4:41

ጥሩ ጥያቄ። በዚህ ትምህርት ውስጥ በጣም የሚጠቀሰው የአሜሪካዊው ቶማስ ዳይ ፍቺ ይህንኑ ነው የሚለው፦ መንግሥት ለማድረግም ሆነ ላለማድረግ የመረጠው ነገር ሁሉ ፐብሊክ ፖሊሲ ነው። «የመረጠው» በምትለዋ ላይ ነው ክብደቱ። አይቶ ዝም ካለ ፖሊሲ ነው። ሳያይ ካለፈው ግን ለኔ ቸልተኝነት ነው። ጫትን ያላየ መንግሥት ደግሞ አይኖርም፤ ቀረጡን ይሰበስባልና።

ሀይፋ | ረቡዕ 4:55

አርታኢ ዛሬ ጥሩ ቀን ላይ ነህ።

ቢራቢሮ | ረቡዕ 5:10

እኔ ወደዚህ ውይይት የገባሁት የመኪናዬን የመድን ፖሊሲ ለማደስ ምን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ነበር። ሁለት ገጽ አነበብኩ። አሁን ስለ ፍቺ አውቄያለሁ። የመኪናዬን ግን አላወቅኩም።

የሕግ ተማሪ | ረቡዕ 5:18

ሃሃ። እሱ ሦስተኛ ቃል ነው፤ ዘሩም ሌላ ነው። የመንግሥቱ ፖሊሲ «ከተማ» ከሚለው የግሪክ ቃል፣ ከ«ፖሊስ» ነው የሚመዘዘው። የኛ የፖሊስ ሠራዊትም ስሙ ከዚያው ግንድ ነው። የመድኑ ፖሊሲ ግን በጣልያንኛ «ፖሊሳ» በኩል የመጣ ነው። መነሻው «ማስረጃ» የሚል ሌላ የግሪክ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገናኙ ድምፃቸው አንድ ሆነ። አንተ መድን ድርጅትህ ጋ የአምናውን ወረቀትና ሊብሬ ይዘህ ሂድ።

ተርጓሚው | ረቡዕ 11:35

አስረክቤ መጣሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ በተለይ እርስዎን።

ያደረግኩት ይህ ነው። ሞጁሉ ላይ ቃሉ መጀመሪያ በመጣበት ቦታ «የመንግሥት ፖሊሲ» አልኩና አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ የሕዝብን የጋራ ጉዳይ በተመለከተ መንግሥት የሚይዘው አቅጣጫ ማለት ነው ብዬ። ከዚያ በኋላ 40ው ላይ «ፖሊሲ» ብቻ አልኩት። አልጎደለም። ግልግሉ ላይ «የሕዝብ ሥርዓትና ሞራል» አልኩ፤ እንግሊዝኛውን ቃል በግርጌ በግዕዝ ፊደል አስቀመጥኩት፤ ጠበቆቹ እንዳይጨቃጨቁ። ባለቤቴ ሁለቱንም አነበበች። ኪኒን አላነሳችም።

ተርጓሚው | ሐሙስ ረፋድ 4:05

ውይይቱ ሳይዘጋ አንድ ልጨምር። አሁን ሞጁሉን ያዘዘኝ መሥሪያ ቤት ደወለ። «ሥራው ግሩም ነው፤ አንዲት ነገር ብቻ አስተካክለናል» አሉኝ። ምኑን? ብዬ ጠየቅሁ።

41ዱንም «የሕዝብ ፖሊሲ» አድርገውታል። ለምን? ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «የመሥሪያ ቤታችን ፖሊሲ ነው።»

የቀበናው | ሐሙስ 4:06

ቆሎ ሰጡህ?